የቢቸናው ሥዕል ስድስት ዓይኖች

ሰው በስተርጅናው ጣና ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ፣ ብሩሽ በእጁ ተሰጥቶት "እስቲ ይሣሉ" ሲባል ይስቃል እንጂ አይፈራም። እኔ ግን ፈራሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ባሕር ዳር ባንክ ቤት የምትሠራው ልጄ መቅደስ፣ "እማዬ፣ ከሞጣ ወጣ ብለሽ ትንሽ አየር ይንካሽ" ብላ፣ ጡረታ የወጡ መምህራን በሚሄዱበት የአንድ ቀን የጀልባ ሽርሽር ላይ እኔንም ራሷንም አስመዘገበች። ጀልባዋ ባለ ሁለት ፎቅ ናት። የመደገፊያው ብረት ሰሞኑን የተቀባ ነው መሰለኝ፣ ገና እግሬን ሳስገባ የዘይት ቀለምና የአኳራጅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አኳራጅ የቀለም ማቅጠኛ ነው፤ ሽታው ለሌላው ሰው ምኑም አይደለም። እኔ ግን መግቢያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለልጄ የውሃው ነው አልኋት።

ገዳሞቹን ተሳልመን፣ የዓሣ ጥብሳችንን በልተን ስንመለስ፣ አንዲት ጂንስ የለበሰች ሳቂታ አስተናጋጅ መካከላችን ቆመችና "እናቶችና አባቶች፣ አሁን ደግሞ የጋራ ሥዕል እንሠራለን" አለች። ትልቅ ሸራ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። በእርሳስ ካሬ ካሬ ሆኖ ተሠምሯል፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ካሬ ይደርሰናል፤ ሁሉም የድርሻውን ሲቀባ አንድ ታንኳ ከነቀዛፊው ይወጣል። ጡረተኛው ሁሉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተንጫጫ። ለእኔ ከታች በስተግራ ያለው ደረሰኝ፤ ውሃ ብቻ ነው። ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ፊት ቢደርሰኝ ኖሮ ልጄ እያየችኝ ብሩሹን ጥዬ መነሣቴ አይቀርም ነበር። ጥቂት እንደቀባን አስተናጋጇ ዞር ዞር ስትል ከአጠገቤ ካለው ካሬ ላይ የታንኳው አፍንጫ ጠምሞ አየችና "ይህን የሠራው ማነው? ይታወቅ" አለች። ቀልድ ነው። ሁሉም ሳቀ፤ የሠራውም ሰውዬ፣ የሒሳብ መምህር የነበረ፣ እጁን አውጥቶ ሳቀ። የእኔ ብሩሽ ግን ከእጄ ወደቀ። መቅደስ አንሥታ ሰጠችኝና "ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?" አለችኝ። አርባ ዓመት ያለፈውን ነገር እዚያ ላይ ምን ብዬ ልጀምርላት።

ቢቸና ከሞጣ ሩቅ አገር አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ሩቅ ነበር። ከሞጣ በጧት ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል የሚወርደው አውቶቡስ በደኅናው ቀን ከምሳ በፊት ያደርሳል፤ ክረምት ከሆነ ጭቃው እንደወደደ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተመድቤ ስሄድ ገና ልጅ እግር ነበርሁ። ቡናማ ቴትሮን ቀሚስ፣ አንገቷ ላይ ጥልፍ ያላት ነጭ ሹራብ፣ እግሬ ላይ ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ። ያ ጫማ በክረምት ያስለቅስ ነበር፤ ግን ሁላችንም እሱኑ ነበር የምናደርገው። ወንዶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ከቀበሌ ስብሰባ በፊት ደግሞ ጎፈሬያቸውን በውሃ ጫን ጫን አድርገው ይገቡ ነበር፤ ቅንጦት ነው እንዳይባሉ። ከገበያው መግቢያ ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ባለቤቷ ሬዲዮኗን መስኮት ላይ ታስቀምጣለች። እሑድ ከሰዓት የፍቅር ዘፈን ሲለቀቅ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፤ ዜና ሲደርስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ከፍ ታደርገዋለች፤ ዝቅ አደረገች እንዳትባል። ከማዶ የቀበሌው ኪነት ቡድን አኮርዲዮን ይለማመዳል። አንዲቷን ማርሽ ክረምቱን ሙሉ ሲለማመዷት እኔም ሳላስበው በቃሌ ያዝኋት፤ ዛሬም ሽንኩርት ስከትፍ ታመልጠኛለች።

መፍራት ግን ሁላችንም እንፈራ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ ሲጠይቁኝ "ምኑን ነበር የምትፈሩት?" ይላሉ። ምኑን ብዬ ልንገራቸው። የእኔ ፍርሃት ስም ነበረው፤ መላኩ ይባላል፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ የገባበት ጠፍቶ ነበር። ጫካ ገባ ይባላል፤ ሞጣ እናቴ ቤት ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀዋል። ቢቸና ይህን የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ እጽናናለሁ፤ እንዲያውም ስለ ቤተሰብ ወሬ ሲነሣ ከታላቅ እኅቴ ሌላ እኅት ወንድም እንደሌለኝ አድርጌ አወራ ነበር። ወንድሜን በየቀኑ በአፌ አጠፋው ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ሞጣ የተጻፈው ወረቀት ቢቸና ካለው ወረቀቴ ጋር ይገናኛል እያልሁ፣ የትምህርት ቤቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይንሸራተታል።

በዚያ ክረምት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ምክንያት እዚያው ቢቸና ከረምሁ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ካድሬው ጓድ ታደለ አስጠራኝ። ጓድ ታደለ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የክብሪት እንጨት በጥርሱ እያመላለሰ ነው የሚያወራው። ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። እሱም ከበላዩ ያሉትን ይፈራ ነበር፤ ያን ጊዜ አላወቅሁም እንጂ። ከመጽሔት የተቀደደች፣ መዳፍ የምታህል ሥዕል አሳየኝ። ያን ዘመን የኖረ ሰው ስማቸውን ሳልጠራም ያውቃቸዋል፤ ሦስት ጢማም ፈረንጆች፣ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተደርድረው፣ ሁሉም በጎን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ። "ለአብዮት በዓል ይህ በትልቁ ተሠርቶ ገበያው መግቢያ ላይ ይቆማል። ከደብረ ማርቆስ እንግዶች ይመጣሉ። አንቺ ካርታ ስለምትሥዪ ታጎዪዋለሽ" አለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ። ምስሉ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ለሚፈጠረው ስሕተት ኃላፊ ነኝ ይላል። ስፈርም እጄ ላብ ስላለው ፊርማዬ ተድበሰበሰ፤ እሱም "ድገሚው" አለኝና ደገምሁት።

ፊደሉን የሚጽፈው ሐሰን ነበር። ሐሰን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፤ የወሎ ልጅ፣ እጅ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ቀልደኛ። ፊት የሚሥል ሰው ግን ቢቸና ታጣ። ካድሬው ጠይቆ ጠይቆ በመጨረሻ ከሞጣ አካባቢ በገበሬ ማኅበሩ በኩል በደብዳቤ አስጠርቶ አንድ ሰው አመጣ። ስማቸውን ስሰማ ደነገጥሁ፤ አለቃ ወልደሐና። በልጅነቴ በእናቴ ቀሚስ ተንጠልጥዬ ያየሁትን የደብራችንን ግድግዳ የሣሉት እሳቸው ናቸው። አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ደቃቃ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ክንዳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የፍየል ጸጉር ብሩሽ የያዙ ሰው። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ በቀስታ "ለምን እንደ ተጠራሁ የሚነግረኝ አለ? ሚስቴ ስታለቅስ ነው የወጣሁት" አሉ። ሥዕል ነው ስላቸው ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ሰሌዳውን እስኪያዩ ድረስ አልተቀመጡም።

የምንሠራበት የእህል መጋዘን ነው። ከግድግዳው ጋር ስድስት ኮምፔንሳቶ፣ ስስ ጣውላ፣ ተገጣጥሞ ቆሟል። እኔ ክር በከሰል ዱቄት እየነከርሁ ሰሌዳውን በካሬ ከፋፈልሁት፤ ትንሿንም ሥዕል እንደዚያው። ከዚያ ካሬ በካሬ ወደ ትልቁ ማዛወር ነው። እውነቱን ለመናገር በነዚያ ቀናት ፍርሃቴን የረሳሁበት ሰዓት ነበር። የጤፍ ብናኝ ከአኳራጅ ጋር ተቀላቅሎ ያፍናል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ሐሰን ቀይ ቀለም ጋወኑ ላይ አፍስሶ "ዛሬ ሰው አርጄ ነው የመጣሁት" እያለ ያስቃል። አለቃ የፋብሪካውን ቀለም አይወዱትም ነበር፤ "ይህ ቀለም አይደለም፣ ሙጫ ነው" ይላሉ። ግን አንድ ጢም በአንድ ከሰዓት ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። እያንዳንዷን ጸጉር ለብቻዋ ነበር የሚያወርዷት።

አንድ ቀን ትንሿን ሥዕል ከእጄ ተቀበሉና ወደ ብርሃኑ ይዘው ብዙ አዩዋት።

"ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አርገው ነው በጎን የተሣሉት?" አሉኝ።

"ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚሥል፣ አለቃ።"

"ሦስቱም? ባንድ ባንድ ዓይን?"

ጥያቄው የገባኝ እኔም የዚያው አገር ልጅ ስለሆንሁ ነው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ስሞ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጻድቅና ሰማዕት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩሃል። ይሁዳ፣ ሰቃዮቹና ሰይጣን ግን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ልጅ ሆኜ ባለ አንድ ዓይኖቹን ላለማየት ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር የማልፈው። ይህን እያወቅሁ ነገሩን ንቄ ተውሁት። "እንዳለ ብቻ ይገልብጡት" ብዬ ወደ ክሬ ተመለስሁ። እሳቸው ግን የተውት አልነበሩም። ጓድ ታደለ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው ቀረቡት።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"ጓድ ይበሉኝ፣ አባቴ።"

"እሺ ጓድ ጌታዬ። እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው?"

ጓድ ታደለ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። "እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? በዓለም ላይ ከነሱ የበለጠ ለድኻ ያሰበ ሰው አልተፈጠረም።"

"ለድኻ?"

"ለድኻ። እንደርስዎ ላለው ሰው።"

አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁና እጅ ነሥተው ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። እኔና ሐሰን ተያይተን ሳቅ አፈንን። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ታማለች የሚል መልእክት መጣብኝና ዐርብ ወደ ሞጣ ሄድሁ። አልታመመችም ነበር፤ ሦስተኛ ጊዜ መጥተው ጠይቀዋት ነው። በዚህ ጊዜ የልጆቿን ሁሉ ስም ጽፈው ሄደዋል፤ የእኔንም፣ የምሠራበትንም። እናቴ ይህን የነገረችኝ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል ነው። እሑድ ስመለስ በአውቶቡስ መስኮት ያየሁትን አላስታውስም። ሐሰንም በዚያ ሰሞን ለክትባት ገጠር ወርዶ ነበር። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ አለቃ መጋዘን ውስጥ ከሰሌዳው ጋር ብቻቸውን ነበሩ ማለት ነው።

ሰኞ ጧት ሐሰንን በር ላይ አገኘሁትና አብረን ገባን። መጀመሪያ ሐሰን ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን በእጁ ያዘው። ሦስቱ ጢማሞች ፊታቸውን አዙረው ቀጥ ብለው ያዩናል። ስድስት ዓይን። ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ነጩ ንጹሕ የሆነ፣ በልጅነቴ ከደብራችን ግድግዳ ላይ ያዩኝ የነበሩት ዓይኖች ናቸው። ሥራው ሲያምር አይጣል ነው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሰው ፊቶች ሁሉ እንደነዚያ ያማረ አላየሁም።

"አለቃ፣ ምን አደረጉ?" አልሁ።

አለቃ ብሩሻቸውን እየጠረጉ ነበር። ደስ ብሏቸዋል። "ያ ሰው ለድኻ ያሰቡ ናቸው አላለም? ለድኻ ያሰበን ሰው ከይሁዳ ጋር አስተካክዬ ብሥል ሞቼ ስጠየቅ ምን እመልሳለሁ። የቅዱሳኑን የራስ ብርሃን አላደረግሁባቸውም፤ እሱን የሚያውቅ እግዜር ነው ብዬ ተውሁት።"

ሐሰን ቁጭ አለ። እኔ የፈረምሁት ወረቀት ታየኝ፤ እናቴ ቤት የተጻፈው ስሜም ታየኝ። ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙት በዚህ ነው አልሁ። ዛሬ ነው። ለአለቃ ምስሉ ከመጽሔቷ አንድ ጸጉር እንኳ መለየት እንደሌለበት፣ መለየቱ አሻጥር እንደሚባል፣ በአሻጥር ምን እንደሚደረግ በጥድፊያ ነገርኋቸው። ይጠርጉት የነበረውን ብሩሽ አስቀመጡ። ነጩን ቀለም ወስደው በየፊቱ አንድ ዓይን ሸፍነው እንደ ገና በጎን እንዲያዞሯቸው ለመንኋቸው። እጃቸው ወደ ቀለሙ ሄደና ተመለሰ።

"አልችልም፣ ልጄ።"

"አለቃ፣ በማርያም። ሁላችንም ማለቃችን ነው።"

"ፈርቻለሁ፤ አልፈራሁም አልልሽም። ግን ዓይን ሥዬ አውቃለሁ እንጂ ዓይን አጥፍቼ አላውቅም። እጄ እምቢ ይለኛል።"

"እንግዲያው እኔ አጠፋዋለሁ" ብዬ ነጩን ጣሳና ወፍራሙን ብሩሽ ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሐሰን ከሥር ያዘልኝ። መካከለኛው ሰውዬ ፊት ላይ ደረስሁ፤ ዓይኑ ጭንቅላቴን ያህላል። ብሩሹን አነሣሁ። ነጩ ቀለም በክንዴ ላይ እየወረደ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። እዚያ ላይ ምን ያህል እንደ ቆምሁ አላውቅም። ሐሰን "በይ እንጂ፣ ስንዱ" ሲለኝ ይሰማኛል። የመጋዘኑ በር ሲከፈትም ሰማሁ።

ጓድ ታደለ ነው። ከኋላው አንድ አብዮት ጥበቃ ጠብመንጃ ይዞ ቆሟል፤ ሰሌዳውን ለማሸከም ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ሊያዩ ነበር የመጡት። ካድሬው ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ እኔን፣ መሰላል ላይ፣ ብሩሽ በእጄ፣ ብሩሹም ከሥዕሉ ዓይን አጠገብ። የክብሪት እንጨቱ ከአፉ ወደቀ። ድምፁ ሲወጣ ቀጭን ነበር።

"ይህን የሠራው ማነው?"

የዝናቡን ድምፅ አስታውሳለሁ። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሊያባራ ነበር። ያን ጊዜ ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ወንድሜ፣ እናቴ፣ ፊርማዬ፣ ሁሉም ባንዴ መጡብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን አንዲት ቃል ነው። ሁለተኛ ሳልጠየቅ፣ የካድሬው አፍ ሳይዘጋ፣ በብሩሹ ወደ አለቃ እያመለከትሁ "እሳቸው ናቸው" አልሁ። ነጭ ቀለም ከብሩሹ ጫፍ ተፈናጥሮ ጋቢያቸው ላይ ሲያርፍ አየሁ።

እስከዚያ ድረስ "አባቴ" ሲላቸው የነበረው ሰው "አንተ" አላቸው። "አንተ፣ ና ውጣ።" አለቃ አልተከራከሩም። ብሩሻቸውን በጨርቁ ጠቅልለው ሊይዙ ሲሉ ጠባቂው ተቀበላቸው። ሊወጡ ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምን እንደሚሉኝ ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ወጥተው ነበር። መሰላሉ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ሐሰን እጄን ይዞ ነው ያወረደኝ። እሱም ከዚያ ቀን በኋላ ከእኔ ጋር ቀልዶ አያውቅም።

በዓሉ በሰላም አለፈ። ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ በቀይ ተቀባና ሐሰን መፈክር ጻፈበት። እንግዶቹ ከደብረ ማርቆስ መጡ፤ አጨበጨቡ፤ ሄዱ። እኔ ከመምህራኑ ጋር ተሰልፌ እጄን ጨብጬ አነሣሁ፤ ማርሿ ስትዘፈን አብሬ ዘፈንሁ። እጅጌዬ ውስጥ የገባው ነጭ ቀለም በአኳራጅ ሲታሸ ቆዳዬን ልጦት ስለነበር እጄን ባነሣሁ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ወረቀቶቹም አልተገናኙም። አለቃ ወልደሐና ደብረ ማርቆስ ተወሰዱ ተባለ። ከዚያ ሁለት ክረምት ወሬያቸው አልተሰማም።

በዚህ መካከል ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ። ከቢቸና ሸሸሁ ብዬ ወደ እሳቸው አገር መጣሁ። የቅዳሜ ገበያ ላይ ሚስታቸውን አያታለሁ፤ በርበሬና ጌሾ ይዛ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ከሩቅ ሳያት መንገድ እለውጣለሁ። አንድ ቀን ብትይዘኝስ፣ አንቺ ነሽ ብትለኝስ እያልሁ በርበሬ የምገዛው በሰው ነበር። ስለ ወንድሜ የምፈራው ፍርሃት አለፈ፤ መላኩም ሱዳን መግባቱ ተሰማና እናቴ እፎይ አለች። ሚስትየዋን መፍራቴ ግን ጭራሽ እየባሰብኝ ሄደ። ባለፈው ጥቅምትም ጀልባዋ ላይ፣ ያችን ውሃ ብቻ ያለባትን ካሬዬን እየቀባሁ፣ ሰማያዊው ከጎኔ ካለው ሰማያዊ ጋር አንድ ይሁን አይሁን ዐሥር ጊዜ ሳመሳክር መቅደስ ስቃብኝ "እማዬ፣ ፈተና አይደለም እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ የተወለደችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰው ቀለም ሲያመሳክር ምን ሊያስብ እንደሚችል አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈለግሁም።

አለቃን እንደ ገና ያገኘኋቸው ከሁለቱ ክረምት በኋላ፣ ከእስር ተፈተው፣ ሞጣ ወፍጮ ቤት ነው፤ የጾም መያዣ ሰሞን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ከውስጥ አንድ ዱቄት የሸፈነው ሰው ጆንያ ተሸክሞ ወጣ፤ ጆንያውን አወረደ፤ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። አለቃ ናቸው። ከስተዋል፤ ጥርሳቸው ረግፏል። ልሸሽ ዞርሁ፤ ግን ወረፋው ከኋላዬ ጥቅጥቅ ብሎ ነበር።

"አንች ልጅ" አሉኝ። "የባላምባራስ ልጅ አይደለሽም፣ የቢቸናዋ መምህርት?"

የወፍጮው ድምፅ ስለማያሰማ ወደ ግንቡ ጥላ ራቅ አልን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አለቃ።"

"ስለ ምኑ?"

"እሳቸው ናቸው ስላልሁ።"

"ታዲያ እኔ አይደለሁ የሠራሁት? እውነቱን ነው የተናገርሽ።" ዱቄቱን ከቅንድባቸው ላይ በጣታቸው አራገፉ። "እዚያ ሁኜ ብዙ ጊዜ አሰብሁሽ። ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ያ ሰው፣ ማነው የሠራው ሲል፣ እኔው ልናገር ነበር። ጌታዬ እኔ ነኝ፣ ይህች ልጅ አልነበረችም፣ አገሯ ሂዳ ነበር፣ ልለው ቃሉን እያሰናዳሁ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስናገር ቀርፋፋ ነኝ። ምራቄን ውጬ አፌን ልከፍት ስል ቀደምሽኝ።"

"አለቃ..."

"ለእኔስ ያው ነበር። መታሰሬ መቸም አይቀርም። ላንች ነው ያዘንሁ። ትንሽ ብትታገሽኝ ኑሮ ዛሬ ደኅና ዋሉ ብለሽኝ ታልፊ ነበር።"

ይህን ብለው እናቴን ጠየቁኝ፤ ደኅና ናት አልሁ። ጆንያቸውን ሊያነሡ ሲሉ ላግዛቸው እጄን ዘረጋሁ፤ "ተይው፣ ልብስሽን ያበላሻል" አሉና ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወይ አራት ጊዜ መንገድ ላይ አይቻቸዋለሁ። ሁልጊዜ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር።

የፈራሁትን ነገር ሁሉ ዘመኑ ወሰደው። ካድሬው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ መጋዘኑም ፈርሶ የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል አሉ። እኔ ግን ከዚያች ከወፍጮ ቤቱ ቀን ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ አልመልስም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ "መምህርት ቀስ" ይሉኝ እንደነበር ጡረታ ስወጣ ነው የነገሩኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንቺን ጥያቄ የጠየቀ ሰው መልሱን ሳይሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል እያለ ይቀልድብኝ ነበር። መቅደስም በስልክ ስናወራ ትጠይቀኝና ዝም ስላት "እማዬ፣ አለሽ?" ትለኛለች። አለሁ። ምናልባት ሌላ ሰው ሊናገር አስቦ እንደሆነ እየጠበቅሁ ነው።